ጣሊያኗ ትበልጣለች

ዓለምነው አፉን ቢይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሚስቱ ጌጤ ግን ያላወቀ ይመስል ጠዋት ማታ ታስታውሰዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ደብረ ታቦር ውስጥ ጆሮ ለሰጠው ሁሉ «ጣሊያኗ ትበልጣለች» ሲል ኖረ። ጎማ ሊያስነፋ ለመጣውም፣ ዘይት ሊያስቀይር ለመጣውም፣ መንገድ ጠፍቶት ሊጠይቅ ለቆመውም ይህንኑ ነው የሚለው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ዓለምነውን ሁለቱም ደርሰውበታል።

ጣሊያኗ መኪና ናት፤ ጃፓኗም መኪና ናት። ሁለቱም የጋሼ በላይነህ ነበሩ። ጋሼ በላይነህ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ፣ እንደ ሰው ወፍጮ መትከል ወይም ሱቅ መክፈት ሲገባቸው፣ ሁለት ያረጁ የስፖርት መኪኖች ገዝተው ግቢያቸው ያስገቡ ሰው ናቸው። አንደኛዋ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ከአሥመራ ወደዚህ የወረደች ጣሊያን ሠራሽ። ሌላዋ ነጭ፣ እሷም ባለ ሁለት በር፣ ጃፓን ሠራሽ። እህል አይጭኑ፣ ሰው አይጭኑ፤ የኋላ ወንበራቸው ለፍየል እንኳ አይመችም። ሰው ምን ያደርጉልዎታል ሲላቸው ጋሼ በላይነህ «ይሮጡልኛል» ይሉ ነበር።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ዓለምነው ጋራዥ ጎራ ይሉና በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። ሙግቱ ያው ነው፤ ሃያ ዓመት አልተለወጠም። ዓለምነው የጣሊያኗን ሞተር ያነሳል፤ ነዳጅ ሲሰጧት እንዴት ከሥር እንደምትነሳ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ድምፅዋ እንዴት እንደሚያምር ይተርካል። ጋሼ በላይነህ ይሰሙታል፣ ይሰሙታል፣ መጨረሻ ላይ ድምፅ ለደብተራ ይሁን፣ መኪና የምትታወቀው ኩርባ ላይ ነው፣ ጃፓኗ መንገድ ትይዛለች ይሉና ይነሳሉ። እሱ ይናደዳል። እሳቸው አይናደዱም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድደዋል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሰዓት ይዘው አልለኩም። ለምን ብለው ይለኩ? ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ያውቁ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጋሼ በላይነህ ታመው ተኙ። አልጋቸው አጠገብ ዓለምነውን አስጠሩና ሌላውን ሰው አስወጥተው እጁን ያዙት።

«መኪኖቹን የምታውቃቸው አንተ ነህ» አሉት። «እንዳሉ ይኑሩ፤ አታስበጣጥስብኝ። ልጆቼንም አታጣላብኝ።»

እሱም በእግዜር ስም እሺ አለ። ምን ቸገረው? መኪናው ሁለት፣ ልጁ ሁለት። ለወንዱም አንድ፣ ለሴቷም አንድ፤ ምኑ ያጣላል ብሎ ነው።

ኧረ ምኑ ቅጡ! ታላቁ ልጅ ደረጄ አንበሳሜ ላይ እህል ይነግዳል። ታናሿ ትዝታ እዚሁ ደብረ ታቦር ነርስ ናት። አባታቸው ሲያርፉ ቤቱን፣ ባሕር ዛፉን፣ በሬዎቹን ያለ አንድ ክፉ ቃል ተካፈሉ። መኪኖቹ ላይ ሲደርሱ ደረጄ ጣሊያኗን አለ። ትዝታም ጣሊያኗን አለች። ለምን ብለው ቢጠይቋቸው ሁለቱም የሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ባለሙያው ዓለምነው ራሱ ጣሊያኗ ትበልጣለች ሲል አይደል እንዴ የኖረው?

ጃፓኗን ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ። ዕጣ ጣሉ ቢባሉ፣ ዕጣ ያልወጣለት ዕድሜ ልኩን ያኮርፋል ተባለ። ሽጡና ተካፈሉ ቢባሉ፣ የአባታችንን መኪና ባዕድ አይነዳውም አሉ። ሰባት ወር ሙሉ ወንድምና እህት መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን አዙረው ሲተላለፉ ከረሙ። የሙት ዓመቱ ተዝካር አምስት ሳምንት ሲቀረው ጭራሽ ደረጄ፣ እኔ የራሴን ዳስ አንበሳሜ ላይ እጥላለሁ ብሎ ላከ። ለአንድ ሙት ሁለት ዳስ! ጉድ በል ጎንደር። ጌጤ ይህን የሰማች ዕለት ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችውና የምላስህን ሥራ ቅመስ አለችው። እሱም ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው መምሬ አድማሱ፣ የጋሼ በላይነህ የነፍስ አባት። ሁለተኛው አያ ሙላቴ፣ የጋሼ በላይነህ የአክስት ልጅ፣ ከጉና ተራራ ሥር የመጡ ገብስ አራሽ። አያ ሙላቴ በበሬ ገበያ የታወቁ ገማች ናቸው፤ የበሬውን ጥርስ ሳያዩ ከትከሻውና ከሽንጡ ብቻ ስንት ክረምት እንዳረሰ ይናገራሉ። መኪና ላይ ግን ሦስት ጊዜ ነው የወጡት፤ ሦስቱንም አውቶቡስ። እንግዲህ ዓለምነው የጣሊያኗንና የጃፓኗን ነገር እንዲያስረዳ የተፈረደበት ለእኒህ ሰዎች ነው።

እሱ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ቃሌን ተቀብላችሁ ፍረዱ ብሎ ለመነ። አያ ሙላቴ አልሰሙትም። በሬ በወሬ አይገመትም፣ ተጠምዶ ይታያል፤ መኪናም እንዲያው ነው አሉ። ዓለምነው መኪና በሬ አለመሆኗን ሊያስረዳ ጀምሮ ነበር። ግን አያ ሙላቴ ዱላቸውን አንስተው ወደ መኪኖቹ መንገድ ጀምረዋል፤ ባለሙያው ከኋላቸው እየተነጫነጨ ተከተለ።

መፈተኛው ከደብረ ታቦር ወደ ጉና የሚወጣው መንገድ እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ ድረስ ሆነ። አስፋልቱ ከገባ ወዲህ ለዚህ ነገር ከሱ የተሻለ መንገድ የለም፤ ዳገቱም፣ ሜዳውም፣ ኩርባውም አለው። ያው ሹፌር፣ ያው ጭነት፣ በአንድ ጠዋት። ዓለምነው ለሃያ ዓመቱ ሙግት መቋጫ ይሆነኛል ብሎ የእጅ ሰዓቱን አጠበቀ። እውነቱን ለመናገር በልቡ ደስ ብሎት ነበር።

በመጀመሪያ ጣሊያኗ። መምሬ አድማሱ ከፊት ተቀመጡ። አያ ሙላቴን ከኋላ ለማስገባት ወንበር ማጠፍ፣ ጋቢያቸውን መሰብሰብ፣ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር ማድረግ አስፈለገ፤ ዱላቸው አልገባ ብሎ በመስኮት ወጣ። ከተማው ጥግ ላይ ሲደርሱ ዓለምነው ሰዓቱን አየና ነዳጅ ሰጠ። ጣሊያኗ ተነሳች። ሜዳው ላይ ያ ድምፅዋ ወጣ፤ ዓለምነውም ይሄው ስሙ በሚል ዓይን መምሬን አያቸው። መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው የመቁጠሪያቸውን ፍሬ ይገፋሉ።

ኩርባዎቹ ሲጀምሩ ነገሩ ሌላ ሆነ። ጣሊያኗ ኩርባ ላይ ቂጧን ትጥላለች። ይህን ዓለምነው ድሮም ያውቃል፤ ጠባይዋ ነው እያለ ያልፈው ነበር። ፍሬኗም ሲረግጡት ቶሎ አይሰማም፤ ከእያንዳንዱ ኩርባ በፊት ገና ከሩቅ መያዝ፣ ማርሽ መቀነስ፣ ኩርባው ሲያልቅ እንደገና መነሳት ነው። ከኋላ አያ ሙላቴ ይህቺስ ትደነግጣለች፣ ድንጉጥ በቅሎ ገደል ትከታለች እያሉ ያጉረመርማሉ። የጉናን አየር ስትነካ ደግሞ ትንፋሽ አጠራት። ክምር ድንጋይ ሲደርሱ ሰዓቱ ሃያ አራት ደቂቃ አለ። ዓለምነው ጥሩ ነው አለ። አያ ሙላቴን ጎትቶ ለማውጣት ሁለት ሰው ከመንገድ ዳር መጥራት ግድ ሆነ።

ተመልሰው ጃፓኗን ያዙ። ያው መምሬ ከፊት፣ ያው አያ ሙላቴ ከኋላ፣ ያው ዱላ በመስኮት። ጃፓኗ ስትነሳ ወኔ የላትም፤ ሜዳው ላይ ዓለምነው በልቡ እያላገጠባት ነዳ። ኩርባዎቹ መጡ። የመጀመሪያውን ፍሬን ሊይዝ እግሩን አንስቶ ነበር፣ ሳይረግጥ አለፈው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። መሪዋ እጁ ውስጥ ሰክኖ ቀረ። አንድ ኩርባ ላይ በግ ገባባቸው፤ ፍሬኑን ሲረግጠው ጃፓኗ ቀጥ ብላ ቆመች፣ በጉም ሣሩን እያመነዠከ ተሻገረ። መምሬ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱና ስለ ዘንድሮው ገብስ ማውራት ጀመሩ። ከኋላ ደግሞ ማንኮራፋት ተሰማ። አያ ሙላቴ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር እንዳደረጉ ተኝተዋል።

ክምር ድንጋይ ሲደርሱ ዓለምነው ሰዓቱን አየ። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ቆሞ ይሆን ብሎ ጆሮው ላይ አደረገው፤ ይቆጥራል። እንደገና አየው። ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ሰዓት መያዝ አቅቶት ከተማውን ሁሉ ሲያደነቁር ኖሯል። ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነና ለማንም ትንፍሽ ሳይል መኪናዋን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ በጋሼ በላይነህ ግቢ ተቀመጡ። ደረጄ በአንድ በኩል፣ ትዝታ በሌላ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ መሐል። ዓለምነው ተነስቶ አስረዳ። በሕይወቱ እንዲህ በወግ ተናገር ተብሎ አያውቅምና ሲጀምር ማቆሚያ አጣ። የሁለቱንም ኮፈን ከፍቶ እያሳየ፣ የጣሊያኗ ሞተርና ነዳጅ የሚያደርስለት ካርቡሬተር እንዴት እንደሚበልጥ፣ የጃፓኗ ፍሬንና ንጠቱን የሚውጠው ሾክ እንዴት እንደሚበልጥ ለእያንዳንዱ ምክንያት ሰጠ። አያ ሙላቴ ኮፈኑ ውስጥ አንገታቸውን ከተው በየዕቃው ላይ እጃቸውን ሲያስገቡ አንድ ሁለት ጊዜ አይንኩ ብሎ ተቆጣቸው። ሁሉንም በእውነት ነው የተናገረው። ስለ ሰዓቱ ብቻ አልተነፈሰም። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልደፈረም።

ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው ተመካከሩ። ሲመለሱ መምሬ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ዓለምነው፣ ደህና አድርገህ አስረድተኸናል» አሉ። «እንዳልከው ቀይዋ ሞተሯ ለም ነው፣ ፍሬኗ ጭንጫ ነው። ነጯ ፍሬኗ ለም ነው፣ ሞተሯ ጭንጫ ነው። አባቶቻችን መሬት ሲካፈሉ ለሙን ለአንዱ ጭንጫውን ለአንዱ አልሰጡም። ገመድ ጥለው ከለሙም ከጭንጫውም ለየልጁ ቆረሱ። አንተም የቀይዋን ካርቡሬተር ለነጯ፣ የነጯን ፍሬንና ሾክ ለቀይዋ አድርግ። እኩል ሲሆኑ ዕጣ እንጥላለን።»

ዓለምነው የሰማውን ማመን አቃተው። የጣሊያን ካርቡሬተር ጃፓን ሞተር ላይ! አይገጥምም አለ። ቢገጥምም አይሠራም፣ ቢሠራም ሁለቱም ይሞታሉ አለ። የአህያ ኮርቻ ለበሬ ነው፣ ኧረ በሕግ አምላክ አለ። አያ ሙላቴ ሰሙትና፣ የሚገጥመውንማ እኛም እናገጥመዋለን፣ ባለሙያ የሚባለው የማይገጥመውን የሚያገጥም ነው አሉት። ይህን ጊዜ ደረጄና ትዝታ አንድ ላይ «ይሁን» አሉ። በሰባት ወር ውስጥ መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው። ቃሉ ከሁለቱም አፍ እኩል ሲወጣ ተያዩና ትዝታ ፈገግ ልትል ቃጣት። ያን ፊት እያየ እንቢ የሚል አንጀት ከየት ይምጣ? ዓለምነው እሺ አለና ሁለቱንም መኪና ወደ ጋራዡ ወሰደ።

አንድ ሳምንት መፍቻ አላነሳም። ጋራዡን ከውስጥ ዘግቶ ሁለቱን እያየ ይውላል። ያሉትን ቢያደርግ መኪኖቹን በጣጥሶ የሙት ቃል ሊያፈርስ ነው። ባያደርግ ደግሞ ሁለት ዳስ ሊጣል፣ ልጆቹን አጣልቶ ያንኑ የሙት ቃል ሊያፈርስ ነው። አንዱን ሲያነሳው ሌላው ይወድቃል። መምሬን ይራገማል፣ አያ ሙላቴን ይራገማል፣ ገመድ ጥለው መሬት ያካፈሉትን የጥንት አባቶች ሁሉ ሳይቀር ይራገማል። ጋሼ በላይነህን ብቻ መራገም አልቻለም።

ጌጤ ምሳ ይዛ ስትመጣ በዚህ ሁኔታ አገኘችው። ምሬቱን ሁሉ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከእነሱ ውስጥ ካርቡሬተር አይቶ የሚያውቅ ማን ነው፣ ሰው የሚያየውንና የሚሰማውን ቀይርላቸውና ገላግለን አለችው። ዓለምነው ይህ ውሸት ነው ብሎ ሊቆጣ ነበር። ግን እንጀራውን ጎርሶ ሲያላምጥ ቆየና ተነሳ።

ስፖኪዮዎቹን፣ የጎን መስተዋቶቹን፣ አቀያየረ። የጣሊያኗ የኒኬል፣ የጃፓኗ ጥቁር ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ክላክሶቹን አቀያየረ። የጣሊያኗ ክላክስ ረዥም፣ ሁለት ድምፅ ያለው፣ ከተማው ሁሉ ከሩቅ የሚለየው ነው። አሁን እሱ የጃፓኗ ሆነ። የጣሊያኗን ፍሬን ግን ዝም ብሎ ሊያልፈው አልቻለም፤ ደረጄ ተለውጧል ብሎ አምኖ ኩርባ ላይ ሊረግጠው ነው። የፍሬኑን ሸራ በአዲስ ቀየረ፣ ከመስመሩ ውስጥ አየሩን አስወጣ፣ እስኪጠብቅ ድረስ ሠራው። ጋሼ በላይነህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራው ሲሉት ጠባይዋ ነው እያለ የተወው ሥራ በሁለት ቀን አለቀ። ከዚያ በላይ አንድ ብሎን አልነካም። የቀረውን ጊዜ የጋራዡን በር ከፍቶ፣ እስከ ክርኑ ቅባት ተቀብቶ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው መኪናዎቹ ሥር ተኛ። በሕይወቱ እንዲህ ብዙ ደክሞ እንዲህ ጥቂት ሠርቶ አያውቅም።

ተዝካሩ አራት ቀን ሲቀረው ዕጣው ተጣለ። ጣሊያኗ ለደረጄ፣ ጃፓኗ ለትዝታ ወጣች። ሁለቱም እንያቸው ብለው ነድተው ወጡ። ዓለምነው በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። አሁን ያውቁብኛል፣ ማንም ጆሮ ያለው ሰው ያውቃል እያለ ነበር።

መጀመሪያ ደረጄ ተመለሰ። ወርዶ ጣሊያኗን ጎኗን መታ መታ አደረጋት። ይሄ የጃፓን ፍሬን ተአምር ነው፣ ሾኩም ተለይቶ ይታወቃል፣ ኩርባውን እኮ ሙጭጭ አለችበት አለ። ዓለምነው ፍሬኑን እንኳ ይሁን ብሎ ዋጠው፤ ሾኩ ግን ያው የድሮው የጣሊያን ሾክ ነው። ቀጥሎ ትዝታ ክላክሷን እያስጮኸች መጣች። ዳገቱን በጣሊያን ጉልበት ወጣሁት፣ ድምፅዋ ራሱ ተለውጧል፣ አባባ ይህን ሳያይ አለች። ዓለምነው የጃፓኗን ሞተር በጣቱ አልነካውም! ሃያ ዓመት ጆሮውን ሞተር ላይ ለጥፎ የኖረ ሰው፣ ሙያውን ሁሉ አንድ ክላክስ በለጠው። ቆሞ መጮህ አማረው።

ግን ወንድምና እህቱን አያቸው። የየራሳቸውን መኪና ተደግፈው ይከራከራሉ። እሱ የኔዋ ይላታል፣ እሷ የኔዋ ትለዋለች፣ እየሳቁ። ደረጄ ሲከራከር ልክ እንደ አባቱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዓለምነው ቅባቱን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ውስጥ ገባ።

ተዝካሩ በአንድ ዳስ ወጣ። አንበሳሜም ጉናም ደብረ ታቦርም አንድ ዳስ ውስጥ ተቀመጠ፤ ደረጄና ትዝታ በር ላይ ጎን ለጎን ቆመው እንግዳ ተቀበሉ። ዓለምነው በልቶ ጠጥቶ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ወገቡን አዝናንቶ ሳለ አያ ሙላቴ ትከሻውን ነኩት። ና እስቲ ብለው መኪኖቹ ወደ ቆሙበት ከዳሱ ጀርባ ወሰዱት። የጣሊያኗን ኮፈን ክፈት አሉት። ከፈተ።

አያ ሙላቴ ከኪሳቸው ወስፌ አወጡ። በበቅሎ ኮርቻ መስፊያዋ ወስፌ ካርቡሬተሩ ጎን ላይ አንድ ቦታ አመለከቱ። ትንሽ መስቀል ተጭሮበታል። ዓለምነው መጀመሪያ አልገባውም፤ ኋላ ግን አይንኩ ብሎ የተቆጣቸው ቀን ትዝ አለው። የጃፓኗንም አስከፈቱት። ሾኩ አናት ላይ ያው መስቀል አለ። ካርቡሬተሩም ሾኩም ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉ አያ ሙላቴ በዝግታ። «በሬ ገበያ አንዱን በሬ አሳይቶህ ሌላውን የሚነዳልህ ሞልቷል። እኔ ሳልጭር ገዝቼ አላውቅም።»

ዓለምነው ሊያስረዳ ጀመረ፤ የጋሼ በላይነህን አልጋ፣ የሰጠውን ቃል፣ ሁሉንም አንድ ላይ ተናገረ። አያ ሙላቴ እጃቸውን አነሱና አስቆሙት። እነዚያ ልጆች ሲስቁ አይቻለሁ፣ ዝም አይነቅዝም፣ አንተም ዝም እኔም ዝም አሉት። ወስፌዋን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ዓለምነው ያን ሰውዬ ሲንቅ የከረመበትን ሁሉ አስታውሶ መሬት መሬት አየ። አያ ሙላቴ ግን አልሄዱም።

«ክምር ድንጋይ ስንደርስ ነቅቼ ነበር» አሉት። «ሰዓትህን ሁለት ጊዜ አየህ። የትኛዋ ናት?»

በዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ ይህን ጥያቄ በቀጥታ የጠየቀው ሰው የለም። ዓለምነው ዳሱን ዞሮ አየ። ማንም አይሰማም።

«ጃፓኗ» አለ። «በሁለት ደቂቃ።»

አያ ሙላቴ አልገረማቸውም። የምታስተኛ በቅሎ ናት የምታደርስ፣ እኔማ ተኝቼባታለሁ አሉ። ከዚያ በላይነህ ይህን ያውቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ያውቁ ነበር አለ። አምነህለት ታውቃለህ ወይ አሉት። ዓለምነው ዞሮ የጃፓኗን ኮፈን ዘጋ። አንድ ቀን እንኳ አላመነላቸውም። አሁን ደግሞ ለማንም ሊናገር አይችልም፤ ደረጄ ጆሮ የደረሰ ዕለት ሁሉም ነገር እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። እህቲቱ የበለጠችዋን ይዛለች፣ ለዚያውም ማንም ያልፈለጋትን። አያ ሙላቴ ዱላቸውን አንስተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ጠቆሙና፣ ወሬ የማያወጣ አንድ ሰው እዚያ አለልህ ብለውት ወደ ዳሱ ተመለሱ።

በማግሥቱ ጠዋት ዓለምነው ሄደ። በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለመ። ከዚያ መካነ መቃብሩ መሐል እየተሹለከለከ ጋሼ በላይነህ ያረፉበት ደረሰ። ግራ ቀኙን አየ፤ አንድ ዲያቆን ከሩቅ ውኃ ይቀዳል፣ ሌላ ሰው የለም። ባርኔጣውን አወለቀ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ጨነቀው፤ ሲጀምር ደግሞ ሳያስበው ንዴቱ ቀደመው።

«እሺ ጋሼ፣ ጃፓኗ ናት» አለ። «በቃ? የጣሊያኗንም ፍሬን ሠራሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሰዓት ያዝ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ከልማድ የተነሳ ቆሞ መልስ ጠበቀ። አሁንም አልተናደዱም። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደው፤ ዓይኑ ውኃ ሞላና በባርኔጣው ጠረገው።

ከታች ከመንገዱ የጣሊያኗ ክላክስ ተሰማ፣ ያ ረዥሙ፣ ባለ ሁለት ድምፁ። ትዝታ በጃፓኗ ወደ ሥራ እየሄደች ነው። ዓለምነው ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው ኩርባ ክፉ ኩርባ ነው። ነዳጅ ሳትቀንስ አለፈችው።